ሁለት ቅበላ በኮታያም

ዓርብ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. – ከኮቺ ወደ ኮታያም

ሻንጣዬ ሙምባይ ቀረ። እኔ ደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ ግዛት፣ ኮቺ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ ሌላው መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ አያለሁ። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ዳቦ ቆሎውና ነጠላዬ እዚያው ውስጥ ናቸው። የአገር ውስጡ በረራ ሠራተኛ ፎርም አስሞላችኝና “ነገ ይመጣል” አለችኝ። “ነገ” የምትባለዋን ነገር ከአዲስ አበባ ጀምሬ ስለማውቃት ብዙም አልተጽናናሁም።

ለራሴ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ሽሮው ግን የሰው አደራ ነው። ኮታያም ከተማ ባለው የሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነገረ መለኮት ሴሚናሪ የሚማር አንድ የሰፈራችን ዲያቆን አለ። እናቱ ናቸው አስፈጭተው የላኩለት። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ልጁም በስልክ “ጋሼ፣ ሌላው ይቅር፣ ሽሮዋን ብቻ እንዳይረሷት” ብሎኝ ነበር።

ማረፊያው ራሱ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ መብራቱን ሙሉ በሙሉ ከፀሐይ ያመነጫል፤ በዓለም የመጀመሪያው ነው። ከፓነሎቹ ሥር ደግሞ አትክልት ያለማሉ። ቦታ አያባክኑም ሰዎቹ።

ከዚያ አሉቫ ባቡር ጣቢያ ቅርብ ነው። ተራው ክፍል እስከ ኮታያም ከ100 ሩፒ በታች ነው። በዚያን ሰሞን አንድ ሩፒ ወደ ብር ከሃምሳ ግድም ይመነዘር ስለነበር ለእንዲህ ያለ መንገድ እንደ ነጻ ቆጠርኩት። ወንበር ግን የለም። የባቡሩ በር እንደተከፈተ ነው የሚሄደው፣ በሩ ላይ ሰው ቆሞ ንፋስ ይቀበላል። የጎማ ዛፍ፣ ኮኮናት፣ ወንዝ፣ እንደገና የጎማ ዛፍ። እያንዳንዱ የጎማ ዛፍ ወገቡ ላይ ተገዝግዞ ትንሽ ጣሳ ታስሮበታል፤ ነጩ ወተቱ ጠብ ጠብ ይላል። ሙቀቱ ሠላሳ ምናምን ዲግሪ ነው፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ኮታያም ገባሁ።

ዲያቆኑ ጣቢያው ላይ ጠበቀኝ። እኔን አቅፎ ሳመና ወዲያው ዓይኑ እጄ ላይ ሄደ። “ሻንጣውስ?” ነገርኩት። “እግዚአብሔር ያውቃል” አለ ቀዝቀዝ ብሎ። ባጃጅ ይዘን ሄድን፤ መነሻው በሕግ 30 ሩፒ ነው፣ እኛን 70 አስከፈለን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15 – ወንዝ ዳር ያለው ሴሚናሪ

ሁሉም “አሮጌው ሴሚናሪ” ነው የሚለው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1815 ነው። የሚናቺል ወንዝ ዳር፣ ቹንጋም በሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። የድሮው ሕንፃ በኬረላ ባህል የተሠራ ነው፦ ክዳኑ የሸክላ ጡብ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ መሃሉ ሰማይ የሚያሳይ ክፍት ግቢ። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከአራቱም ጣሪያ ወደዚያ ይወርዳል አሉኝ። እኔ የደረስኩት በደረቁ ወቅት ስለሆነ ጥላውን ብቻ ነው ያጣጣምኩት። ውጭ እሳት ነው፤ እዚያ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ ግን ትንፋሽህ ይመለሳል። ያለ ኤሲ እንዲህ የሚያቀዘቅዝ ቤት መሥራት ድሮ ይቻል ከነበረ ዛሬ ምን ነካን ያሰኛል።

እግር ጥሎኝ የዓመቱ ትልቅ በዓል ዋዜማ ላይ ነበር የደረስኩት። የካቲት 16 የቅዱስ ዲዮናስዮስ ዘቫታሴሪል ዕረፍት ይከበራል። እኚህ አባት የዚሁ ሴሚናሪ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 ዐርፈው የተቀበሩት እዚሁ ግቢ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ቅድስናቸውን አወጀች። ታሪካቸውን ስሰማ የእኛን ታሪክ የሰማሁ መሰለኝ። እኛ ጳጳስ ከግብጽ እየለመንን በኖርንበት ዘመን እነሱም ዓይናቸው ሶርያ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 የራሳቸውን ካቶሊኮስ፣ ማለትም የበላይ አባት፣ ሾሙ፤ ለዚያ ከደከሙት ዋነኛው እኚህ አባት ናቸው። እኛ የራሳችንን ፓትርያርክ ያገኘነው በ1951 ዓ.ም. ነው። ሃይማኖቱ አንድ፣ ቁርባኑ አንድ፣ ጭቅጭቁም ተመሳሳይ።

ቀኑን ሙሉ ተማሪዎቹ ሲሯሯጡ ነበር። አንዱ መብራት ይሰቅላል፣ አንዱ ወንበር ይደረድራል፣ አንዱ ሩዝ የሚቀቀልበትን በርሜል የሚያህል ድስት ከጓደኛው ጋር ይጎትታል። የነገው ቄስ ድስት ሲያጥብ ማየት ደስ ይላል። የእኛም ኮሌጆች እንዲህ ናቸው? ዲያቆኑን ጠየቅሁት፣ ሳቀና ዝም አለ።

ማታ ዑደቱ መጣ። ከየደብሩ በእግራቸው የመጡ ምእመናን ሻማ ይዘው ይገባሉ። ፊት ፊት የወርቅ ቀለም መስቀሎች፣ ከኋላ ጃንጥላዎች። የሐር ጃንጥላ! ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ዳር ዳሩ ዘርፍ ያለው። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ልዩነቱ ከበሮው ላይ ነው። የእነሱ “ቼንዳ” ይባላል፤ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ቁመቱን ቆሞ በሁለት በትር ይመታል። ዝግ ብሎ ይጀምርና እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ሲጮህ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 16 – ኪዳነ ምሕረት፣ ቅበላም

የቀኑን አገጣጠም ልብ በሉልኝ። ለእኛ ኪዳነ ምሕረት ናት። የዐቢይ ጾም ቅበላም ነው። ለእነሱ የዲዮናስዮስ በዓል ነው፤ ጾማቸው ግን የሚገባው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ዘንድሮ ፋሲካችን አንድ ቀን ነው የሚውለው፣ ሚያዝያ 12። እኛ 55 ቀን ስንጾም እነሱ የመጀመሪያውን፣ የሕርቃልን ሳምንት አይጾሙም። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ እኔና ዲያቆኑ ጿሚ፣ አስተናጋጆቻችን ፍስክ ልንሆን ነው።

ጫማ አውልቀን ገባን። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ። አሮጊቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ትከሻቸው ላይ ጥለቱ የወርቅ የሆነ ስስ ነጭ ልብስ ጣል አድርገዋል። ከኋላ ላያቸው ነጠላ የለበሱ የእኛ እናቶች ናቸው። ቅዳሴው በማላያላም ቋንቋ ነው፣ አልፎ አልፎ ሱርስት፣ የሶርያው ቋንቋ፣ ይገባበታል። አንድም ቃል አልገባኝም፤ የት ጋ እንደደረሱ ግን አልጠፋኝም። መጋረጃው ሲዘጋ ሲከፈት፣ ዕጣኑ ሲወጣ እግሬ ራሱ ያውቀዋል።

ከሁሉ የያዘኝ መርበሓሳ የሚሉት ነገር ነው። ረጅም እጀታ ያለው ክብ ብረት ነው፤ ዙሪያውን ትንንሽ ቃጭሎች ተሰክተውበታል። ዲያቆናቱ በከበደው የቅዳሴ ክፍል ላይ ያንቀጠቅጡታል። የኪሩቤል ክንፍ ድምፅ ነው ይላሉ። እኛ ጸናጽሉን ለማኅሌት ስናወጣው እነሱ መቅደስ አስገብተውታል። ሰላምታው ደግሞ ከመንበሩ ይነሣል። ካህኑ ለዲያቆኑ፣ ዲያቆኑ ለፊተኛው ምእመን በሁለት እጁ ይሰጣል፤ ያ ሰው ዞሮ ለሌላው ያቀብላል። እኔ ጋ ሲደርስ የማላውቃቸው ሽማግሌ እጄን በሁለት መዳፋቸው ያዙት። ላብ በላብ ነበርኩ፤ ግድ አላላቸውም።

ምሳ የተጋበዝነው አንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት ነው። ሰው ሁሉ “አማቺ” ነው የሚላቸው፤ ለእናትና ለአሮጊት የሚሰጥ መጠሪያ ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻና በደርግ መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አስተምረዋል። ከኬረላ ስንት መምህር ወደ እኛ አገር እንደመጣ የዚያ ዘመን ተማሪ ያውቀዋል፤ ሒሳብና ፊዚክስ በማን ተማራችሁ ብትሉት “በህንዳዊ” ይላችኋል። አማቺ አማርኛቸው አልጠፋም፣ ግን የቀረችው የክፍል ውስጧ ናት። በር ላይ ቆመው “ግባ! ቁጭ በል! ዝም በል!” አሉኝ። ከዚያ እየሳቁ አቀፉኝ።

ገበታው የሙዝ ቅጠል ላይ ነው። ቀይ ሩዝ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ የዶሮ ወጥ፣ ከእርሾ ሩዝ የሚጋገር ዳሩ ስስ መሃሉ ወፈር ያለ አፓም፣ ከዚያ ደግሞ ሥጋ። ኬረላ ውስጥ የበሬ ሥጋ ክርስቲያኑ እንደ ልቡ ይበላል። ከኮኮናት ስንጥርና ከቁንዶ በርበሬ ጋር እስኪጠቁር ይጠበሳል። ቅበላ ነውና አልተግደረደርኩም። ዲያቆኑማ ሦስቴ ነው የጨመረው። በነገራችን ላይ የሚጠጣው ውሃ ሮዝ ነው፣ ደግሞም ሙቅ። መጀመሪያ ሻይ ያጠቡበት መስሎኝ ነበር። የእንጨት ስንጣሪ ጨምረው አፍልተውት ነው፤ ለደምና ለኩላሊት ጥሩ ነው ይላሉ። በዚያ ሙቀት ሙቅ ውሃ እንዴት ጥም እንደሚቆርጥ አላውቅም፣ ግን ይቆርጣል።

አማቺ ሲሸኙን “ነገ ደግሞ ዳክዬ እሠራለሁ፣ ኑ” አሉ። ነገ ጾም መሆኑን ስንነግራቸው ግንባራቸውን መቱ። “አበሻ! ሁልጊዜ ጾም!”

ሰኞ፣ የካቲት 17 – ሽሮ

ደወሉ ገና ሳይነጋ ነው የሚደወለው። ተማሪዎቹ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው፣ ግራና ቀኝ ለሁለት ተከፍለው ጸሎቱን ይቀባበላሉ። ከጸሎት ቁርስ፣ ከቁርስ ክፍል፣ ቀትር ላይ እንደገና ጸሎት፤ ማታ የሠርክ፣ ከመኝታ በፊት ደግሞ “ሱታራ” የሚሉት አለ። ዲያቆኑ “እዚህ ትምህርቱ ሳይሆን ደወሉ ነው የሚከብደው” አለኝ።

ቁርስ ላይ እኛ አልተቀመጥንም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ወጥ ቤቱ አላስቀምጠን አለ። “እንግዳ ሳይበላ?” አለ። ቆይቶ ደግሞ “ዓሣስ? ዓሣ ምን አለው?” አለ። ኬረላ ውስጥ ዓሣ አልበላም ማለት አየር አልተነፍስም እንደማለት ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ሞተር ቆመ። ሻንጣዬ! ቁልፉ ተሰብሯል፤ በገመድ ታስሯል። የበርበሬው ፌስታል ተቀዶ ነጠላዬ ቀይ ሆኗል። ሽሮው ግን ደህና ነው። ዲያቆኑ ከእጄ ነጥቆ ወደ ማብሰያው ሮጠ። ዘይት የኮኮናት ብቻ ነው ያለው። ሽንኩርቱ ትንንሽ ቀይ ነው፤ ሲላጥ ያስለቅሳል፣ ሲበላ ይጣፍጣል። ወጥ ቤቱ ከጎናችን ቆሞ በማንኪያ ቀምሶ አሰበ። ዳል የሚሉት የእነሱ ክክ ወጥ ነው። “ዳል ነው?” “አይ፣ ዳል አይደለም።” እንደገና ቀመሰ። “ዳል ነው” አለና ሄደ። እንጀራ የለም፣ በሩዝ አፓም በላነው። የኮኮናት ዘይት ሽሮን የተለየ ነገር ያደርገዋል። መጥፎ አልልም። ደግሜ ግን አልሠራውም።

በበርበሬው ያሾፉብን ነገር አለ። ተማሪዎቹ ጣታቸውን እየነከሩ ቀመሱና “የት አለ ማቃጠሉ?” አሉ። አገሬ ስሟ ጠፋ!

ረቡዕ፣ የካቲት 19 – በጀልባ ወደ አላፑዛ

ክፍል ስለነበረው ዲያቆኑን ትቼ ብቻዬን ወጣሁ። ከኮታያም አላፑዛ የሚሄድ የመንግሥት ጀልባ አለ። ዋጋው 30 ሩፒ አይሞላም። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በቦይና በቬምባናድ ሐይቅ ላይ ይሄዳል። ቱሪስቱ ለአንድ ሌሊት የቤት ጀልባ ስንትና ስንት ሺህ ሩፒ ይከፍላል፤ እኔ ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶችና ከአንድ ብስክሌት ጋር በ30 ሩፒ ያንኑ ውሃ አየሁ። የሩዝ ማሳው ከውሃው በታች ነው። አዎ፣ በታች። ከባሕር ወለል ዝቅ ያለ መሬት በግድብ ከበው ያርሳሉ። ጀልባው ከፍ ብሎ ይሄዳል፣ ገበሬው ዝቅ ብሎ ይሠራል። ጣና ላይ ያደገ ሰው ቢያየው ዓይኑን አያምንም።

ስመለስ ሞተሩ ሐይቁ መሃል ጸጥ አለ። ማንም አልደነገጠም። ሴቶቹ ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ መካኒኩ መዶሻ ይዞ ወረደ። ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ሱታራ አመለጠኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 21 – ከመቃብሩ አጠገብ

ሴሚናሪው ውስጥ የአበሻ እግር ሊረግጠው የሚገባ አንድ ቦታ አለ። የጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ መቃብር ነው። ጳጳስ ከመሆናቸው በፊት ፖል ቨርጊስ ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 አስተማሪ ሆነው ኢትዮጵያ መጡ፤ አማርኛ ለመዱ። እ.ኤ.አ. በ1956 ጃንሆይ ሕንድን ሲጎበኙ ኬረላም ደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውየው ተመልሰው እስከ 1959 ድረስ በቤተ መንግሥት በአማካሪነት ሠርተዋል። ኋላ የዚህ ሴሚናሪ ኃላፊ ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ዕድሜ ልካቸውን እዚሁ ቆዩ። በመሃሉ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ፕሬዚዳንት ከነበሩት አንዱ ናቸው። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ዲያቆኑ መቃብሩ ላይ ሻማ አብርቶ በግዕዝ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። አጠገባችን የነበሩ ሁለት ተማሪዎች በማላያላም ተከተሉ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ስለ ዓመቱ ወቅቶች ጠየቅኳቸው። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መግቢያ ትምህርቱ ከዝናቡ ጋር ይገባል፤ የክረምቱ ዝናብ ኬረላን የሚደርሰው ያኔ ነው። ወንዙ ሲሞላ ሁሉም ያያል፤ እ.ኤ.አ. የ2018ቱን ጎርፍ እስካሁን እየተቀባበሉ ያወሩታል። ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ ኦናም ይመጣል፤ ሂንዱው፣ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም በደጁ አበባ እየበተነ ያጌጣል፣ ምሳው በሙዝ ቅጠል ላይ ከሃያ ዓይነት ያላነሰ ነው። በጥቅምት መገባደጃ የፓሩማላው ቅዱስ ጎርጎርዮስ በዓል ነው፤ ሰው ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ለገና ደግሞ ተማሪዎቹ ማታ ማታ ከቤት ቤት እየዞሩ ይዘምራሉ። “ሆያ ሆዬ ነው በቃ” አለ ዲያቆኑ።

እሑድ፣ የካቲት 23 – የእነሱ ቅበላ

እኛ ዓድዋን እናስባለን፣ እነሱ ይበላሉ። ከቅዳሴ በኋላ ሥጋው፣ ዳክዬው፣ ዓሣው፣ አይስክሬሙ ሁሉም ወጣ። እኔና ዲያቆኑ የቀረችንን ሽሮ ይዘን ጥግ ተቀመጥን። አማቺ ከሩቅ አዩንና “አበሻ!” ብለው ጮኹ። አንድ ቄስ፣ “አቸን” ይሏቸዋል፣ መጥተው “ታሪክ ንገሩን፣ ዛሬ ምን ቀን ነው አላችሁ?” አሉ። ዲያቆኑ ዓድዋን ነገራቸው። ጣሊያንን ማሸነፋችንን ሲሰሙ ጠረጴዛው ተደበደበ። እነሱ እንግሊዝን እ.ኤ.አ. በ1947 ነው ያወጡት፤ ደስታው የጋራ ሆነ።

ሰኞ፣ የካቲት 24 – ይቅርታ

“ሹብኮኖ” የሚሉት የዕርቅ ጸሎት ነው። ጾሙ የሚገባው በሱ ነው። ሳይታረቁ አይጾሙም።

ረጅም ጸሎት ነው፣ ረጅም ስግደት። ወለሉ ላይ ጉልበቴ ሲነካ የሞቀ ድንጋይ ነው። አርባ ስግደት እሰግዳለሁ ብዬ ተነሥቼ ነበር፤ መሃል ላይ መቁጠሩን ተውኩት። ከዚያ አቸን፣ ያ ትናንት ከእኛ ጋር ጠረጴዛ ሲደበድቡ የነበሩት፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው መሬት ላይ ተደፉ። ይቅርታ ጠየቁ። መምህሩ ለተማሪው ነው። ተማሪው ለወጥ ቤቱ። ሁሉም በተራ፣ አንዱ ላንዱ እየሰገደ፣ እጁን በሁለት እጅ እየያዘ።

አንድ ነገር ዓይኔ ላይ ቀርቷል። ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ማዕድ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲነጋገሩ አላየሁም። ዲያቆኑ “በምርጫ ነው፣ የተማሪዎች ምርጫ” ብሎ በጆሮዬ ነግሮኝ ነበር። ተራቸው ደረሰ። አንደኛው ቶሎ ሰገደ። ሌላው ትንሽ ቆመ፤ ግድግዳውን አየ። ከኋላው ሰልፉ ይጠብቃል። ከዚያ እሱም ወረደ። ሲነሣ ቀሚሱን አራገፈና ወደ ቀጣዩ ሰው ሄደ። ታረቁ? እኔ እንጃ። ማታ ግን ጨው ሲያቀባብሉ አይቻለሁ።

ምሳው ከሩዝ የተሠራ አጥሚትና የማሾ ወጥ ነው፣ አጥሚቱን ካንጂ ይሉታል። ሻዩም ያለ ወተት ጥቁሩ መጣ። ሳምንቱን እኔ ብቻ ስጠጣው የነበረውን ሻይ ዛሬ ሁሉም ይዞታል። ወጥ ቤቱ ሲያልፍ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25 – መመለሻ

ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ኮቺ። ቀዩ የመንግሥት አውቶቡስ መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ለዝናብ መጋረጃ ብቻ ነው። ሾፌሩ ደግሞ መንገዱ የአባቱ ነው። ለሌላ ሰው የምመክረው ባቡሩን ነው።

ዲያቆኑ አውቶቡሱ ሳይነሣ ስልኩን አውጥቶ የመጪውን ዓመት ሲያሰላ ነበር። በ2018 ጾማችን አንድ ቀን ይገባል፣ የካቲት 9። የካቲት 16 በዓላቸው ጾም ውስጥ ይውላል ማለት ነው፤ ሥጋ የለም። ደስ አለው። ከዚያ ወደ ታች ወረደና ፊቱ ተለወጠ። ፋሲካቸው ከእኛ አንድ ሳምንት ይቀድማል። “ጋሼ” አለኝ በመስኮቱ፣ “ለሰሞነ ሕማማት ሽሮ ይላኩልኝ። እነሱ ያኔ ዳክዬ ይበላሉ።”